ቼኩ ተሰጠ፤ ገንዘቡስ መቼ ይደርሳል?

ቼክ የትልልቅ ነጋዴዎች ወረቀት ብቻ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። ከመሥሪያ ቤት ስትሰናበት የአገልግሎት ክፍያዋን የምትቀበል ሠራተኛ፣ የመድን ካሣ የምትጠብቅ እናት፣ ለትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ሰፍታ የምታስረክብ ባለሙያ፣ የዕድር ገንዘብ ያዥ ሆና የተመረጠች ወይዘሮ፣ ሁሉም አንድ ቀን ቼክ በእጃቸው ይገባል። ብዙዎቹም ቼኩን በተቀበሉበት ደቂቃ ገንዘቡን የጨበጡ ይመስላቸዋል።

የቤት ወጪ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። የቤት ኪራይ በወሩ መጨረሻ ይጠየቃል። የትምህርት ቤት ክፍያና የደብተር ወጪ በመስከረም አንድ ላይ ይመጣሉ። ዘይቱም፣ ጤፉም፣ ሳሙናውም በየሳምንቱ ያልቃል። ቼክ በቦርሳዋ የያዘች እናት ይህን ሁሉ በቼኩ ላይ አስልታ ባንክ ስትደርስ «ገንዘቡ ገና አልተጣራም፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ይመለሱ» ስትባል ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንባታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዕቃዋን በቼክ ሸጣ፣ ዕቃው ከሄደ በኋላ ቼኩ ሳይከፈል የሚመለስባት ናት።

በዛሬው ዓምዳችን ቼክ ከእጃችን ከወጣ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ፣ የሚዘገይበትን ምክንያትና ጉዞውን ማሳጠር የሚቻልበትን ዘዴ እንመለከታለን። ጉዳዩ ሁሉንም ከተማ የሚመለከት ቢሆንም፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ ከእርሷም ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬደው አንኮበር ጥሩ ምሳሌ ይሆኑናል። በእነዚህ አካባቢዎች የሚኖሩ እናቶች የሚቀበሉት ቼክ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሌላ ከተማ ሲሆን፣ ባንክ ለመድረስም ቀን መርጦ መነሣትን የሚጠይቅ ጊዜ አለ።

ከጠገራ ብር እስከ ቼክ

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ ከግርጌዋ ባለችው በዓልዩ አምባ ገበያ ግብይቱ የሚካሄደው በአሞሌ ጨውና በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ፣ አሥር ሺህ ጠገራ ደግሞ 280 ኪሎ ማለት ነው። ትልቅ ገንዘብ የሚከፍል ሰው በቅሎ መጫን፣ ጠባቂ ማሰለፍና በየመንገዱ ማደር ነበረበት። አሞሌውም ዝናብ ያሟሟዋል፣ መንገድ ይሰባብረዋል። በዚያ ዘመን የክፍያው መዘግየት የጭነቱ መዘግየት ነበር።

በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በአንጎለላ የተወለዱትና በአንኮበር የነገሡት ምኒልክ፣ አዲስ አበባን ቆርቁረው ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ፣ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል መሠረት በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ሥራውን ጀመረ። ይህ ባንክ ዛሬ በተመሳሳይ ስም ከሚጠራው የግል ባንክ የተለየ ነው። በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጠላት ወረራ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተቋቋመ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ባንኩ ሥራ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ለየብቻ መሥራት ጀመሩ።

ባንኮች በ1967 ዓ.ም. በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባንክ ከንግድ ባንክ ጋር ሲዋሐድ አገሪቱ አንድ የንግድ ባንክ ብቻ ቀራት። በዚያን ጊዜ የአንድ ቼክ መዘግየት በአብዛኛው የፖስታና የመኪና ጉዳይ ነበር። ክፍለ ሀገር ያለ ቅርንጫፍ ቼኩን ተቀብሎ ወደ ወጣበት ቅርንጫፍ ይልካል፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ፊርማውን ከካርዱ ጋር፣ የሒሳቡን መጠን ከመዝገቡ ጋር አስተያይቶ መልሱን በደብዳቤ፣ ቸኩሎም ከሆነ በቴሌግራም ይመልሳል።

በ1986 ዓ.ም. የግል ባንኮች እንዲቋቋሙ በሕግ ከተፈቀደ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ዛሬ በደብረ ብርሃን ዋና ጎዳና ላይ የልዩ ልዩ ባንኮች ሰሌዳ ተርታውን ይታያል። የባንኮቹ መብዛት ለደንበኛው ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ከፋዩ በአንድ ባንክ፣ ተቀባይዋ በሌላ ባንክ ሲሆኑ ቼኩ ሁለቱ ባንኮች የሚተሳሰቡበት ሌላ ቤት ማለፍ ግድ ይሆንበታል። የመዘግየቱም ዋና ምክንያት ይኸው ነው።

የማጣራቱ ሥራ እንዴት ይከናወናል?

ቼክ በሦስት ወገኖች መካከል የሚደረግ ትእዛዝ ነው። ቼኩን ጽፎ የሚፈርመው ባለ ሒሳብ «ባንኬ ሆይ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ለዚህች ሰው ክፈልልኝ» ብሎ ያዛል። ሁለተኛው ወገን የታዘዘው ባንክ ነው። ሦስተኛዋ ገንዘቡ የሚከፈላት ናት። ከእጇ የገባው ወረቀት ትእዛዙ ስለሆነ፣ ገንዘቡ የሚገኘው የታዘዘው ባንክ ትእዛዙን መርምሮ «እሺ» ሲል ነው።

ተቀባይዋ ቼኩን በራስዋ ባንክ ገቢ ስታደርግ፣ ያ ባንክ የእርሷ ወኪል ሆኖ ገንዘቡን ከሌላው ባንክ ይጠይቅላታል። በአንድ ቀን ውስጥ ግን በባንኮች መካከል የሚተላለፈው ቼክ እጅግ ብዙ ስለሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ መክፈል አድካሚ ነው። ስለዚህ ባንኮች በብሔራዊ ባንክ በሚገኘው ማጣሪያ፣ በተለምዶ «ክሊሪንግ» በሚባለው አሠራር ይተሳሰባሉ። ለምሳሌ አንደኛው ባንክ ለሁለተኛው 5 ሚሊዮን ብር ቢኖርበት፣ ሁለተኛውም ለአንደኛው 4 ሚሊዮን ብር ቢኖርበት፣ የሚንቀሳቀሰው ልዩነቱ 1 ሚሊዮን ብር ብቻ ይሆናል።

ይህ ዘዴ ቀድሞ የታሰበው በእግር መሄድ በሰለቻቸው ሠራተኞች ነበር ይባላል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የለንደን ባንክ ጸሐፊዎች በየቀኑ ከባንክ ባንክ እየዞሩ ቼክ ያስከፍሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770ዎቹ ግን ጸሐፊዎቹ በአንድ መጠጥ ቤት እየተገናኙ ቼኮቻቸውን ይለዋወጡና ልዩነቱን ብቻ ይከፋፈሉ ጀመር። ኋላም አሠራሩ ሕጋዊ ሆኖ የራሱ ቤት ተሰጠው። በእኛም አገር ለብዙ ዓመታት የባንክ ተወካዮች የቼክ ጥቅል ይዘው አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ባንክ እየተገናኙ ይለዋወጡ ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣ ቼክ አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ እዚያም ተጣርቶ መልሱ እስኪመለስ ብዙ ቀን የሚወስደው ስለዚህ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን መተሳሰቢያ በኮምፒዩተር እንዲካሄድ አደረገ። ከዚያ ወዲህ በጥቅል ከሚሄደው ወረቀት ይልቅ የቼኩ ምስልና በግርጌው በማግኔት ቀለም የታተመው ቁጥር በመስመር እንዲተላለፉ የሚያስችል አሠራር ተዘረጋ። በአሜሪካ ወደዚሁ ዘዴ ለመግባት ያቻኮላቸው አንድ አጋጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2001 በደረሰው የሽብር አደጋ አውሮፕላኖች ከበረራ ሲታገዱ፣ በአውሮፕላን ይጓጓዝ የነበረው የቼክ ወረቀት በየቦታው ተከማችቶ ቀረ። ምስሉ በወረቀቱ ምትክ እንዲያገለግል የፈቀደው ሕግም እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ላይ ዋለ።

እንግዲህ ምስሉ በደቂቃ የሚደርስ ከሆነ መጠበቁ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ይህ ነው። የተከፋይዋ ባንክ የሚጠብቀው «አይከፈልም» የሚል ምላሽ እንዳይመጣ ነው። የከፋዩ ባንክ ፊርማውን፣ ቀኑን፣ የገንዘቡን መጠንና በሒሳቡ ውስጥ ያለውን ገንዘብ መርምሮ ጉድለት ካገኘ ቼኩን የሚመልስበት የተወሰነ ጊዜ ተሰጥቶታል። ያ ጊዜ ሳያልፍ ባንኩ ገንዘቡን ቢያስረክብና ቼኩ ቢመለስ ዕዳው በባንኩ ላይ ይወድቃል። በደብተራችሁ ወይም በስልካችሁ ላይ ገንዘቡ ተመዝግቦ ቢታይም ማውጣት የማይቻልበት ጊዜ የሚኖረውም ስለዚህ ነው።

ምን ያህል ይቆያል?

የከፋዩና የተቀባይዋ ሒሳብ በአንድ ባንክ ውስጥ ከሆነ፣ ቅርንጫፎቹ በኮምፒዩተር የተያያዙ በመሆናቸው፣ ፊርማውና የሒሳቡ መጠን በመስኮቱ ላይ እያለ ሊታይ ይችላል። ቼኩ ጉድለት ከሌለበት ገንዘቡ በዚያው ቀን፣ ብዙውን ጊዜም በዚያው ሰዓት ይገኛል።

ባንኮቹ የተለያዩ ከሆኑ ከአንድ እስከ ጥቂት የሥራ ቀናት መጠበቅ አለ። ትክክለኛው ቀን እንደ ባንኩ አሠራርና ቼኩ በገባበት ሰዓት ይለያያል። በመሆኑም ቼኩን ስታስገቡ «ገንዘቡን በየትኛው ቀን ማውጣት እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅና የተባለውን ቀን በደረሰኙ ጀርባ መጻፍ መልካም ነው።

ከውጭ አገር ባንክ የወጣ ቼክ ከሁሉም ይብሳል። በባሕር ማዶ ያለ ልጅ ለእናቱ በፖስታ የሚልከው ቼክ ወደ ወጣበት አገር ተመልሶ ሄዶ መጣራት ስላለበት ሳምንታት ይፈጃል፤ የማስከፈያ ወጪም አለው። በዚያ ላይ በውጭው ልማድ የእናትየው ስም ከባልዋ ስም ጋር ተጽፎ ሲመጣ፣ በመታወቂያዋ ላይ ያለው ደግሞ የአባቷ ስም ስለሚሆን ሌላ ክርክር ይፈጠራል። ለእንዲህ ያለው ጉዳይ በባንክ የሚደረግ ሐዋላ ይሻላል።

ቀኖቹ እንዴት እንደሚባክኑ በምሳሌ እንየው። በአንኮበር የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ያስረከበችበትን 60 ሺህ ብር ዓርብ ከቀትር በኋላ በቼክ ተቀበለች እንበል። የእርሷ ሒሳብ ያለው በደብረ ብርሃን፣ ከከፋዩ በተለየ ባንክ ነው። ቅዳሜ በጠዋት ተነሥታ ደብረ ብርሃን ሄዳ አስገባች። እሑድ ሥራ የለም። የማጣራቱ ሥራ ሰኞ ተጀምሮ መልሱ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይደርሳል። ሰኞ በዓል ቢሆን አንድ ቀን ይጨመራል። ቼኩ ላይ የቀን ስህተት ተገኝቶ ቢመለስ ደግሞ ሳምንቱ በሙሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የጨርቅ ዕዳዋ፣ የረዳቷ ደመወዝና የመመላለሻ ኪራይዋ ይጠብቋታል። ይህች ሴት ሥራውን ከመረከቧ በፊት «ክፍያው በምን ይፈጸማል? ከየትኛው ባንክ?» ብላ ብትጠይቅ ኖሮ የሳምንቱ ሐሳብ በቀረላት ነበር።

ጉዞውን ለማሳጠር

የመጀመሪያው ዘዴ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ዘወትር ከአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ደንበኛ ክፍያ የምትቀበሉ ከሆነ፣ እርሱ በሚጠቀምበት ባንክ አንድ የቁጠባ ሒሳብ ማስከፈት ብዙ ቀን ያተርፋል። የማጣሪያውን ቤት ጨርሶ አለማለፍ ማለት ነውና።

ሁለተኛ፣ ቼኩ ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮች መሰመር አለመሰመራቸውን አስተውሉ። መስመር የተሰመረበት ቼክ በሒሳብ ገቢ ይደረጋል እንጂ በእጅ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። ይህ ቼኩ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ሌላ ሰው እንዳይወስደው የሚጠብቅ ነው። መስመር ያልተሰመረበትን ግን መታወቂያ ይዞ ከወጣበት ባንክ ቅርንጫፍ ሄዶ በቀጥታ ማስከፈል ይቻላል። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ግን ጥሬውን ተሸክሞ ከመሄድ እዚያው በሒሳብ ማዛወሩ ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ቼኩን በጠዋት አስገቡ። ባንኮች የዕለቱን ቼክ ወደ ማጣሪያ የሚልኩበት የተወሰነ ሰዓት አላቸው። ከዚያ ሰዓት በኋላ የገባ ለማግሥቱ ያድራል። ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ የበዓል ዋዜማ፣ የወሩ መጨረሻ ሰልፍ የሚበዛባቸው ናቸው። ቅዳሜ ባንኩ ክፍት ቢሆንም ቀኑ ለማጣራቱ ሥራ መቆጠር አለመቆጠሩን ጠይቁ።

አራተኛ፣ ቼኩን ከሰጪው ፊት ሳትለዩ አንብቡት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ አብዛኛው መዘግየት የሚመጣው በዚያች ደቂቃ ካለማየት ነው። መታየት የሚገባቸው ነገሮች እነሆ፦

ስማችሁ በመታወቂያና በባንክ ሒሳባችሁ ላይ እንዳለው እስከ አያት መጻፉን ተመልከቱ። በሠፈር የምትጠሩበት ስም አይሠራም።

በአኃዝና በፊደል የተጻፈው ገንዘብ አንድ መሆኑን አመሳክሩ። ሕጉ በፊደል የተጻፈውን ቢያስቀድምም ባንኮች ልዩነት ያለበትን ቼክ ብዙ ጊዜ ይመልሱታል።

ስርዝ ድልዝ እንዳይኖርበት፣ ፊርማው ሙሉ እንዲሆን፣ የድርጅት ቼክ ከሆነም ማኅተሙና የሚፈለጉት ፊርማዎች ሁሉ መኖራቸውን አረጋግጡ።

በግርጌው ያለው የቁጥር መስመር እንዳይታጠፍ፣ እንዳይቆሽሽ፣ የወረቀት ሽቦም እንዳይወጋው ጠብቁ። መሣሪያው የሚያነበው እርሱን ነው።

ከሁሉም በላይ ቀኑን እዩ። በአገራችን ሁለት የዘመን አቆጣጠር ጎን ለጎን ስለምንጠቀም የቼክ ቀን ብዙ ሰው ያሳስታል። «5/1/2018» ተብሎ የተጻፈ ቼክ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓውያን ቢነበብ ግን ዓመታት ያለፉት ቼክ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ቼክ ለክፍያ እንዲቀርብ የሚሰጠው ጊዜ 6 ወር ብቻ ስለሆነ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። ስለዚህ ከቀኑ በኋላ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ እንዲጻፍ አሳስቡ።

አምስተኛ፣ ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ቼኩን የጻፈው ሰው ስልኩን ከአጠገቡ እንዳያርቅ ንገሩት። ባንኮች ከመክፈላቸው በፊት ወደ ባለ ሒሳቡ ደውለው የሚያረጋግጡበት ጊዜ አለ። ስልኩ ካልተነሣ ቼኩ ያድራል።

ስድስተኛ፣ ከቼክ ሌላ ያለውን መንገድ እወቁ። ለቤት፣ ለመኪና ወይም ለከብት ሽያጭ «ሲፒኦ» የሚባለውን የባንክ ክፍያ ማዘዣ መጠየቅ ይቻላል። ባንኩ ገንዘቡን ከገዢው ሒሳብ አስቀድሞ ቀንሶ በራሱ ስም የሚጽፈው ስለሆነ «ገንዘብ የለውም» ተብሎ አይመለስም። ሆኖም ሐሰተኛ እንዳይሆን ከሰጪው ባንክ ማረጋገጥ ያሻል፤ ከሌላ ባንክ ከሆነም የማጣራቱ ቀን አይቀርለትም። ፈጣኑ መንገድ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ የሚደረግ ዝውውር ነው። ትልልቅ ገንዘብ ከባንክ ወደ ባንክ በዚያው ቀን አንድ በአንድ የሚተላለፍበት አሠራር በብሔራዊ ባንክ በኩል አለ። ለአነስተኛው ገንዘብ ደግሞ የባንኮች የስልክ አገልግሎትና በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር አሉ። በእነዚህ የተላከ ገንዘብ እንደ ቼክ ተመልሶ ወደ ማጣሪያ አይሄድም።

በዕድርና በዕቁብ

ዕድር የሐዘን ቀን መድረሻ ነው። በከተሞቻችን ብዙ ዕድሮች ገንዘባቸውን በባንክ ስለሚያኖሩ፣ ገንዘቡ የሚወጣው ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ወይም ከእነርሱ ሁለቱ ሲፈርሙ ነው። ይህ ለጥንቃቄ የሚበጅ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ከፈራሚዎቹ አንዱ ለልጁ ሠርግ ክፍለ ሀገር ቢወርድ፣ ወይም ራሱ የዕድሩ ሰብሳቢ ቢያርፍ፣ ቀብሩ ዛሬ ሆኖ ቼኩ ሳይፈረም ይቀራል። ሐዘንተኛዋ እናትም ለድንኳኑና ለንፍሮው ከጎረቤት ትበደራለች።

ስለዚህ የሴቶች ዕድሮች አንድ ተጨማሪ ፈራሚ አስቀድመው በቃለ ጉባኤ ወስነው ለባንኩ ማስታወቅ ይገባቸዋል። ለመጀመሪያው ቀን ወጪ የሚበቃ አነስተኛ ገንዘብ በገንዘብ ያዧ እጅ እንዲቀመጥ መወሰንም ይረዳል። ፈራሚ በተለወጠ ጊዜ ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ባንክ ይድረስ። በዕቁብም ቢሆን ዕጣ የደረሳት ሴት ቼክ ከመቀበሏ በፊት ባንኳ ከዕቁቡ ባንክ ጋር አንድ መሆኑን ብታስታውቅ፣ ዳኛውም በዝውውር ቢከፍላት ለሁለቱም ይቀላል።

ዕቃው ከመሄዱ በፊት

በሰሜን ሸዋ ደጋ በግ አርብተው፣ ሱፍ ፈትለው፣ ባና አሠርተው የሚሸጡ እናቶች ብዙ ናቸው። ገዢው ከሩቅ መጥቶ ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ ሲያነሣ ደስ ያሰኛል። በቼክ ልክፈል ሲል ግን አንድ ደንብ መያዝ ይበጃል። ይኸውም፣ የማታውቁት ሰው ከሆነ ቼኩ ተጣርቶ ገንዘቡ የሚወጣ መሆኑን ባንካችሁ ሳያረጋግጥ ዕቃው ከመጋዘን አይውጣ። ቼኩን ያስገባችሁበት የባንክ ደረሰኝ ወረቀቱን መረከቡን ይመሰክራል እንጂ ገንዘቡ መግባቱን አይመሰክርም። ቅን ገዢ በዚህ አይቀየምም። የሚቸኩል ከሆነ ወይ ወደ ባንኩ አብሮ ሄዶ ያዛውራል፣ ወይ ሲፒኦ ያመጣል።

የሕግ ቋንቋ በቼኩ ልክ በባንክ ሊኖር የሚገባውን ገንዘብ «ስንቅ» ይለዋል። ስንቅ ሳይዝ መንገድ የወጣ ሰው ከመንገድ እንደሚቀር ሁሉ፣ ስንቅ የሌለው ቼክም ከባንክ መስኮት ይመለሳል። ሕዝቡ ይህን «ደረቅ ቼክ» ብሎታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693 እያወቀ ስንቅ የሌለው ቼክ የሚያወጣን ሰው እስከ 10 ዓመት በሚደርስ እሥራትና በመቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። በቸልተኝነት የሚያደርገውም ከቅጣት አያመልጥም።

ይህ ሕግ ተቀባይዋን የሚጠብቅ የመሆኑን ያህል ሰጪዋንም የሚያስጠነቅቅ ነው። በአገራችን ለብድር ወይም ለዱቤ ዕቃ «መያዣ ይሁን» እየተባለ ወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክ የመስጠት ልማድ አለ። የንግድ ሕጉ ግን ቼክን በቀረበበት ጊዜ የሚከፈል ያደርገዋል፤ ለሚመጣው ወር የተጻፈ ቼክ ዛሬ ቢቀርብም ባንኩ ገንዘብ ካለ ይከፍላል፣ ከሌለ ይመልሳል። በባልዋ፣ በወንድሟ ወይም በልጇ ንግድ ምክንያት «አንቺ ብቻ ፈርሚልኝ» የተባለች ሴት ይህን ልብ ማለት አለባት። በቼኩ ላይ ያለው ፊርማ የእርሷ ከሆነ ፖሊስ የሚጠይቀው እርሷን ነው። ባዶ ቼክ ፈርሞ መስጠት ደግሞ የቤቱን ቁልፍ ለማያውቁት ሰው አስረክቦ እንደ መሄድ ይቆጠራል።

ቼክ የተመለሰባት እናት መደናገጥ የለባትም። በመጀመሪያ ባንኩ የተመለሰበትን ምክንያት ጽፎ ማኅተም እንዲያደርግበት ትጠይቅ። ምክንያቱ የቀን ወይም የፊርማ ስህተት ከሆነ ሰጪው ሌላ ጽፎ ይተካላታል። ምክንያቱ የስንቅ ማጣት ከሆነ ግን ዋናውን ቼክና የባንኩን ወረቀት ለማንም አሳልፋ ሳትሰጥ፣ ግልባጭ አስቀርታ፣ ለሰጪው ታሳውቅ። «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ካመላለሳት ሳትዘገይ ወደ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ታቅርብ። ገንዘቧንም በፍትሐ ብሔር ለመጠየቅ ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ በሽምግልና ስም ወራት እንዳያልፉባት ትጠንቀቅ። ሽማግሌ መላክ መልካም ባህላችን ቢሆንም ሽምግልናው የሕጉን ቀን አያቆመውም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ በቼክ ጉዳይ ጊዜ የሚባክነው ባንክ ከመድረሳችን በፊት መሆኑን ነው። ከየትኛው ባንክ እንደሆነ ያልጠየቅነው፣ ቀኑን ያላነበብነው፣ ስሙን ያላስተካከልነው፣ ዓርብ ማታ ተቀብለን ለሰኞ የቀጠርነው ሁሉ ተደምሮ ሳምንት ይሆናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው በመቀበያው ሰዓት የምንጠይቃቸው ሁለት ሦስት ጥያቄዎች የቤቱን ወጪ ከመናጋት፣ የእጅ ሥራችንንም ያለ ዋጋ ከመቅረት ያድኑታል። እናቶች በዕድር ስብሰባ፣ በቡና ላይና በሥራ ቦታ ይህን እርስ በርስ ቢነጋገሩበት፣ በተለይም አዲስ ሥራ ለጀመሩት ልጃገረዶች ቢያስተምሩ መልካም ነው። ቼኩ ተጣርቶ ገንዘቡ እስኪገኝም ድረስ በእርሱ ዕዳ አይገባበት፣ ዕቃ አይሰጥበት፣ ለልጆችም ተስፋ አይነገርበት።